መልስ፦ ለበቆሎና ለጎመን አንድ መድኃኒት ይበቃል?
ወንድሜ፣ ከቡሬ «በቆሎውንም ጥቅል ጎመኑንም በአንድ መድኃኒት ልርጭ?» ላልከው፣ ባይሆን ይሻላል፤ የሁለቱ ተባይ የተለያየ ነው። በቆሎህ ላይ ያለው መጤ ተምች የሚባለው ትል ይመስለኛል፤ አገራችን የገባው በ2009 ዓ.ም. ነው። አናቱ ላይ የተጠቀለለውን ቅጠል ገለጥ አድርገህ እይ። እርጥብ የመጋዝ ብናኝ የሚመስል ኩስ ካለ እሱ ነው። ትሉ ገና ትንሽ ሳለ ስፒኖሳድ ወይም ኢማሜክቲን ቤንዞኤት የተባለውን የትል መድኃኒት ወደዚያው አናት አስገብተህ ርጭ። ካደገ ወደ ውስጥ ይደበቃል፣ ብርህን ነው የምትረጨው። መድኃኒቱንም እያፈራረቅክ ተጠቀም፣ አለዚያ ይለምደዋል።

የጎመኑ ክሽክሽ (ቅጠሉን የሚመጠው ደቃቅ ተባይ) ገና ከጀመረ በሳሙና ውሃ ይቀንሳል። ዳይሜቶኤት የተባለው መድኃኒት ተክሉ ውስጥ ስለሚሰርግ ለሚበላ ቅጠል አልመክርህም። እባክህ ንብ ወደ ቀፎው ከገባ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ርጭ። ከርጭት እስከ ለቀማ ስንት ቀን እንደሚጠበቅ ዕቃው ላይ አንብብ። ባዶውን ጠርሙስም ለውሃ መቅጃ እንዳታደርጉት!