መረገጫው የተነቀለ መሰላልና የልጅ ክንድ፦ ማን ይጠየቃል?

ጥያቄ፦ የሐዋሳ ነዋሪ ነኝ። ባለፈው ጥር የስድስት ዓመት ልጄ ሰፈራችን ባለው የሕዝብ የልጆች መጫወቻ ከሸርተቴ መሰላል ላይ ወድቆ ቀኝ ክንዱ ተሰበረ። የመሰላሉ ሦስተኛ መረገጫ ከተነቀለ ወራት ሆኖታል። ሥሩ ደግሞ ሲሚንቶ ነው። የሚመለከታቸውን ሳናግር «ልጅ ነው፣ ይወድቃል፤ አንቺስ የት ነበርሽ?» አሉኝ። በሩ ላይም «ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ጽሑፍ አለ። መክሰስ እችላለሁ? ሌሎች ልጆችም እስካሁን እዚያው እየተጫወቱ ነው። ምን ላድርግ?
የልጅ እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር ይማርልዎት። አዎ፣ መክሰስ ይችላሉ። ግን ከክሱ በፊት በዚህ ሳምንት የሚሠሩት ሥራ አለ። እሱ ለክስዎም ይጠቅማል፣ አሁን እዚያ ለሚጫወቱት ልጆችም ይደርሳል።

«ልጅ ነው፣ ይወድቃል» ያሉዎት እውነት ነው። ልጅ ይወድቃል። ይህን ደግሞ የልጆች መጫወቻ የሚሠራና የሚያስተዳድር ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። ስለዚህ ልጁ እንደሚወድቅ አስቦ መሥራት አለበት። ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ልጁ ወደቀ ወይ ብሎ ብቻ አይደለም። ሲወድቅ ምን ላይ አረፈ? ያ መረገጫ ለወራት ሳይጠገን ለምን ቆየ? ማንስ ያውቅ ነበር?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ይካስ ይላል። አንቀጽ 2029 ደግሞ ጥፋት በማድረግም፣ ማድረግ የሚገባውን ባለማድረግም እንደሚፈጸም ይናገራል። የእርስዎ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው ያለው። መሰላሉን ማንም ሆን ብሎ አልሰበረውም ይሆናል። ተሰብሮ እያዩ ዝም ማለት ግን በሕግ ዓይን ጥፋት ነው።

ቦታው የመንግሥት ከሆነስ? አንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ባጠፋው ጥፋት ተጎጂው መንግሥትን ካሳ ሊጠይቅ እንደሚችል ይፈቅዳል። አንቀጽ 2128 ይህንኑ ወደ ታች ያወርደዋል፤ ከተማም ሌላ የአስተዳደር እርከንም ያው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቦታው በማን እጅ እንዳለ ያጣሩ። ከተማው ነው? ቀበሌው ነው? ወይስ ለግለሰብ ተከራይቷል? የተከራየ ከሆነ ሁለቱንም እንከሳለን። በሞተር የሚዞር መጫወቻ ቢሆን ኖሮ ሥራችን ይቀል ነበር። አንቀጽ 2081 የማሽን ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም እንዲጠየቅ ያደርጋል። ሸርተቴ ግን ማሽን አይደለም። ጥፋቱን ማሳየት አለብን።

የበሩ ጽሑፍ አያስፈራዎ። ሰው ጉዳት ከመድረሱ በፊት «ባጠፋም አልጠየቅም» ብሎ ከራሱ ጥፋት ራሱን ነጻ ማውጣት አይችልም። የስድስት ዓመት ልጅ ደግሞ ጽሑፉን አንብቦ አልተስማማም።

«አንቺስ የት ነበርሽ?» የሚለውን ግን ቀላል አድርገው አይዩት። አንቀጽ 2098 ተጎጂው ራሱ ለጉዳቱ ድርሻ ካለው ካሳው ሊቀነስ እንደሚችል ይናገራል። የስድስት ዓመት ልጅ አጥፍቷል ብሎ ማሳመን ከባድ ነው። ስለዚህ ጣታቸውን ወደ እርስዎ ይቀስራሉ። እውነቱን ይናገሩ፤ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከነበሩ እዚያ ነበርኩ ይበሉ። እናት አጠገቡ ብትቆም እንኳ የተነቀለውን መረገጫ አትተካውም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ከዓመታት በፊት አንድ አባት ቢሮዬ መጣ። ልጁ ከዥዋዥዌ ወድቃ ጥርሷ ተሰብሯል። የሰንሰለቱ መንጠቆ ተበልቶ አፉን ከፍቶ ነበር አለኝ። የመጣው ግን ከአሥራ አራት ወር በኋላ ነው። መንጠቆው ተቀይሯል፣ መቀመጫው ቀለም ተቀብቷል። አንድ ፎቶ የለም። ምስክሮቹ «አሮጌ ነበር» ከማለት ያለፈ ነገር አልነበራቸውም። አንቀጽ 2141 የማስረዳቱን ሸክም ከሳሹ ላይ ያደርጋል። ተሸነፍን። ያ ፋይል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። መንጠቆው የሁለት ብር ፎቶ ቢኖረው ኖሮ እላለሁ ሁልጊዜ።

ስለዚህ ሜትር ይያዙና ይሂዱ። ሁለት ጎረቤት ያስከትሉ።

ከመሬቱ ይጀምሩ። በመጫወቻ ቦታ ልጆችን ከሁሉም በላይ የሚጎዳው መውደቅ ነው። ሲሚንቶ፣ አስፋልትና የተረገጠ ጠንካራ አፈር ከሸርተቴና ከዥዋዥዌ ሥር መኖር የለባቸውም። አሸዋ ከሆነ ልቅ ሆኖ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ይኑረው፤ ልጆች ሲረግጡት ስለሚሸሽ በየጊዜው መሙላት ያስፈልጋል። ጣትዎን ይስደዱበት። ሁለት ጣት ሳይገባ ደረቅ መሬት ከነካ አሸዋው ለስም ነው ያለው። ለስላሳው መሬት በመሣሪያው ዙሪያ ቢያንስ 1.8 ሜትር ይስፋ። ልጅ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ብቻ አይወድቅም፤ ተወርውሮም ይወድቃል።

ቀጥሎ ክፍተት ይለኩ። በመሰላሉ መረገጫዎች መካከል፣ በመከላከያው ብረት መካከል። ከ9 እስከ 23 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ክፍተት አደገኛ ነው። ብዙ አገሮች የሚመለከቱት የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን መመሪያም ይህንኑ ልክ ይጠቀማል። ምክንያቱን ልንገርዎ። ልጅ እግሩን አስቀድሞ ይሾልካል። ገላው ያልፋል፣ ጭንቅላቱ ይቀራል። እግሩ መሬት ካልነካ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እናት ከአግዳሚ ወንበር ተነስታ እስክትደርስ ያለው ጊዜ አጭር ነው። አንድ መረገጫ ሲነቀል ደግሞ በመሰላሉ መሃል ምን ያህል ክፍተት እንደተፈጠረ ይለኩ፤ ቁጥሩን ይጻፉ።

ከዚያ ቡሎኖቹን ይዳስሱ። ያፈጠጠ ቡሎን የሹራብ ገመድ ወይም የአንገት ልብስ ይይዛል። ልጁ ሲንሸራተት ገላው ይወርዳል፣ አንገቱ እዚያው ይታነቃል። ልጆቹን ወደ መጫወቻ ሲወስዱ ገመድ ያለው ኮፍያና ነጠላ አንገታቸው ላይ አይኑር። ይህን ለማድረግ ፍርድ ቤት አያስፈልግም።

የዥዋዥዌው መንጠቆ አፉን ከፍቷል? የተበየደው ቦታ ዝገት በልቶታል? የእንጨት ወይም የብረት መቀመጫ ከኋላ የሚያልፍ ሕፃን ሲመታ ጭንቅላት ይፈነክታል፤ የጎማ ይሻላል። የሐዋሳን የቀትር ፀሐይ ያውቁታል። በስድስት ሰዓት የብረቱን ሸርተቴ በእጅዎ ጀርባ ይንኩት። እርስዎ እጅዎን ካነሱ የልጁ ጭን እንዴት ይችለዋል? ከዚያ ዞር ዞር ብለው ይመልከቱ፦ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ቱቦ፣ የተላጠ የመብራት ገመድ፣ አጥር ሳይኖረው ባጃጅ ወደሚያልፍበት መንገድ የሚያስሮጥ በር። ቦታው ወደ ፍቅር ሐይቅ ወይም ወደ አሞራ ገደል በኩል ከሆነ ሐይቁንም ይጨምሩ። ኳስ የሚከተል ልጅ ውኃ መኖሩን አያይም፣ ሐይቁ ውስጥም ጉማሬ አለ።

ፎቶ ሲያነሱ መጀመሪያ ከሩቅ፣ ቦታው መሆኑ እንዲታወቅ። ከዚያ ከቅርብ፣ ሜትሩ ተዘርግቶ። በኋላ አይቁረጡት፣ ቀለሙንም አይነካኩ። ስልክዎ ቀኑን ይመዘግባል። የለኩትን በወረቀት ይጻፉና ሁለቱ ጎረቤቶች ይፈርሙበት።

ያዩትን ሁሉ ደብዳቤ ያድርጉት። እንዲህ ብለው ሊጽፉ ይችላሉ፦ «በዚህ ቀን የሸርተቴው መሰላል ሦስተኛ መረገጫ ተነቅሎ፣ ሥሩም ሲሚንቶ ሆኖ አግኝተነዋል። ልጄ በጥር ወር በዚሁ ምክንያት ወድቆ ተጎድቷል። እስኪጠገን ድረስ ሸርተቴው እንዲዘጋ፣ ከሥሩም ሲሚንቶው ተነስቶ አሸዋ እንዲደረግ እንጠይቃለን።» ሁለት ቅጂ ያድርጉ። አንዱን መዝገብ ቤት ያስገቡ፣ በራስዎ ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቀንና ቁጥር ያስመቱ። «ትተሽው ሂጂ» ቢሉዎት እንዳይሄዱ፤ ማኅተሙን ሳይዙ አይውጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አላወቅንም» የሚሉበት በር ይዘጋል። ሌላ ልጅ ቢወድቅ ያ ቁጥር ለእናቱ ትልቁ ማስረጃ ነው።

ደብዳቤው ላይ ሁለት ነገር ቢጠቅሱ ደስ ይለኛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆችን በሚመለከት እርምጃ ሁሉ ደኅንነታቸው በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። ኢትዮጵያ በ1983 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ደግሞ በአንቀጽ 31 ጨዋታን ራሱን መብት ያደርገዋል። መልስ ካጡ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይበሉ፤ ክፍያ የለውም።

ስለ ገንዘቡ በግልጽ ልንገርዎ። የሕክምና ወጪ፣ መጓጓዣ፣ ከሥራ የቀሩበት ቀን፣ ወደፊት የሚያስፈልግ ሕክምናም ይጠየቃል። ስለዚህ ደረሰኝ አይጣሉ። መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ወስደውት ቢሆን እንኳ የራጁ ፊልምና የሆስፒታል የሕክምና ማስረጃ ያስፈልገናል። ለሞራል ካሳ ግን ሕጉ ከ1,000 ብር በላይ አይፈቅድም፤ አንቀጽ 2116 ነው። በ1952 ብዙ ነበር። ዛሬ የልጅን ስቃይ በዚህ መለካት ያሳዝናል፤ መሻሻል ያለበት ሕግ ነው እላለሁ። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ካልቻሉ በደሀ ደንብ ለመክሰስ መጠየቅ ይቻላል።

ጊዜውን ደግሞ እንዳይረሱ። አንቀጽ 2143 ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ክስ እንዲቀርብ ያዛል። ልጁ ሲያድግ ይደርሳል ብለው አይጠብቁ። ከጥር ጀምረው ይቁጠሩ።

የሰፈሩ አባቶች ተሰብስበው መሰላሉን በሽቦ ሊያስሩት እንደሆነ ከሰሙ መጀመሪያ ፎቶውን ያንሱ። ከዚያ ሽቦውን ያስቁሟቸው። የሽቦ ጫፍ እጅ ይቀድዳል፣ ሲላላም ልጁን እምነት ሰጥቶ ይከዳዋል። በሽቦው ፈንታ ልጆች ወደ ሸርተቴው የሚወጡበት መሰላል ላይ ጣውላ ቸንክረው ይዝጉት። ማኅተም ያለበትን ቅጂና የልጁን ራጅ ይዘው ይምጡ፤ አቤቱታውን አብረን እንጽፋለን።