መልስ፦ ጅማ ነው የምኖረው፤ ዩቲዩብ ያንኑ ዘፈን እየደጋገመብኝ አዲስ ባህላዊ ሙዚቃ እንዴት ላግኝ?

ወንድሜ፣ የሚደጋግምብህ የሰማኸውን ተከትሎ ስለሚያቀርብልህ ነው። የእይታ ታሪክህን አጽዳ፤ ቀጣዩን በራሱ የሚያጫውተውንም አጥፋ። ከዚያ በዘፋኝ ስም ሳይሆን በመሣሪያና በቅኝት (በዜማው ስልት) ፈልግ፦ ማሲንቆ፣ ክራር፤ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። በላቲን ፊደልም ጻፍ። በተለይ ጅማ ዙሪያ ያለውን የኦሮምኛ ሙዚቃ በግዕዝ ፊደል ብቻ ከፈለግከው ብዙው ያመልጥሃል።

ጅማ ስላለህ በከተማው ተወላጅ በኢትዮ ጃዝ ሙዚቀኛው በሙላቱ አስታጥቄ ጀምር። ፈረንሳይ ውስጥ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታተመው የ«ኢትዮፒክስ» የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ 4ኛ አልበም የእሱ ነው። 11ኛው ደግሞ የዓለሙ አጋ በገና ነው፤ እሱን እባክህ በስልኩ ስፒከር አትስማው! የበገና 10 አውታሮች ድምፅ ወፍራም ነው፤ ንዝረቱ የሚመጣው ከአውታሩ ሥር ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ ነው። ትንሽ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ስለማያወጣው ጩኸቱ ብቻ ይቀርሃል። በጆሮ ማዳመጫ፣ ሳትዘል፣ ደጋግመህ ስማ፤ በመጀመሪያው ካልገባህ አትተወው።

ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ግን የአጃቢዎቹን ስም መከተል ነው። ከበሮ መቺው ወይም ሳክስፎን ተጫዋቹ ሌላ ማንን እንዳጀበ ፈልግ፤ አንዱ ስም ወደ ብዙ አልበም ይወስድሃል። በግላቸው የሚያሳትሙ አዳዲስ ሙዚቀኞችን ባንድካምፕ (ሙዚቀኞች ሥራቸውን ራሳቸው የሚሸጡበት ድረ ገጽ) ላይ ታገኛለህ፤ አብዛኛውን ሳትከፍል መስማት ትችላለህ፤ የወደድከውን ስትገዛ ደግሞ አብዛኛው ገንዘብ ለሙዚቀኛው ይደርሳል።