ካምቢዮውን ከማውረዳችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ የሚማር አንድ ወጣት ወደ ጋራዣችን መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ማርሽ አልገባ ካለ የግድ ካምቢዮው መውረድ አለበት?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ስለ አንድ አሮጌ የስፖርት መኪና ነበር። ካምቢዮ የማርሽ ሳጥኑ ነው፤ ፍሪሲዮን ደግሞ ማርሽ እንዲገባ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያላቅቀው ነው። መልሱን በአጭሩ ነገርኩት፤ ይሁን እንጂ ጥያቄው የቆየ ቁጭቴን ስለቀሰቀሰብኝ ለእናንተም ልጽፍላችሁ ወሰንኩ።

በደርግ ዘመን፣ እኔ ገና ረዳት ሳለሁ፣ አንድ የአጋሮ ነጋዴ ዳትሰን 240 ዜድ ነበራቸው። ባለ ሁለት በር ሆኖ 2.4 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር የተገጠመለት ነው። ይህ ዓይነት መኪና እ.ኤ.አ. በ1971 እና በ1973 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ ማሸነፉን እኛ ጋራዥ ውስጥ የማያወራ አልነበረም፤ በሂርማታ በኩል ሲያልፍም ሰው ሥራውን አቁሞ ይመለከተው ነበር። አንድ ክረምት የኋላ ማርሹ ሲገባ መጮህ ጀመረ፤ ቀጥሎም አንደኛ ማርሽ እንቢ አለ። አለቃችን የፍሪሲዮን ሸራው፣ ማለት በውስጡ የሚፋተገው ሳህን፣ አልቋል ብለው ካምቢዮውን አስወረዱ። የወጣው ሸራ ገና ወፍራም ነበር፤ ያም ሆኖ አዲስ ተገጠመለት። ጩኸቱ ግን አልቀረም። እንደገና ወርዶ እንደገና ከተሰቀለ በኋላ፣ ካምቢዮው ውስጡ ተሰብሯል ተብሎ ተፈረደበት። መለዋወጫ በአገር ውስጥ አልተገኘም። ባለቤቱ በወጪውም በመመላለሱም ተሰላችተው ሞተሩንና አካሉን ሸጡት፤ በጭነት መኪና ተጭኖም የጊቤን በረሃ አቋርጦ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። «የተሰበረው» ካምቢዮ እኛው ዘንድ ቀረ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ በሹፌሩ እግር በኩል ያለው ምንጣፍ እርጥብ ነበር። ፀሐይ ላይ አሰጣው የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ብዙ ቀን ቢሰጣም አልደረቀም። በጅማ ክረምት የረጠበ ምንጣፍ ማንንም አያስገርምም፤ የበሩ ጎማ ዝናብ ያስገባል ተባለ፤ ረዳትን ደግሞ የሚጠይቅ አልነበረም። ምንጣፉ ሥር ያለው ቀለም ግን ተነሥቶ ቆርቆሮው ይታይ ነበር። ውሃ ይደርቃል፤ ፍሪሲዮኑም የሚሠራበት የፍሬን ዘይት ግን አይደርቅም፣ ቀለምም ይልጣል። ዘይቱ ከላይኛው የፍሪሲዮን ፓምፕ ጀርባ፣ ፔዳሉ በሚገፋው ዘንግ በኩል እየወረደ ነበር። ከወራት በኋላ አለቃዬ ዕቃ ሊያወጡለት ያንን ካምቢዮ ሲከፍቱት ጥርሶቹ ሁሉ ደህና ነበሩ፤ በግድ ሲገባ የከረመው የኋላ ማርሽ ጠርዝ ብቻ ተበልቷል። አለቃዬ አንድ ቃል አልተናገሩም። ጥሩ ባለሙያ ነበሩ፤ ሞተር በድምፁ ብቻ ይለዩ ነበር፤ እኔም ቫልቭ ማስተካከልን የተማርኩት ከእርሳቸው ነው። ያ መኪና በፓምፑ ውስጥ ዘይቱን በምትይዝ በአንዲት ትንሽ ጎማ ምክንያት መበተኑ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው፦ ፔዳሉ የላይኛውን ፓምፕ ይገፋል፤ ዘይቱ በቱቦ አልፎ የታችኛውን ፓምፕ ይገፋል፤ የታችኛው ፓምፕ ዘንግ ሹካውን ገፍቶ ፍሪሲዮኑን ያላቅቃል። ስለዚህ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ ጥቂት ቆይታችሁ የኋላ ማርሽ ስታስገቡ ከጮኸ፣ ፍሪሲዮኑ አልተላቀቀም ማለት ነው፤ የኋላ ማርሽ በአሮጌ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ሲንክሮ፣ ማለት የማርሾቹን ፍጥነት የሚያስተካክል ቀለበት፣ ስለሌለው ከሁሉ አስቀድሞ ይናገራል። ከዚያ ሞተሩን አጥፉና ሌላ ሰው ፔዳሉን ሲረግጥ የታችኛው ፓምፕ ዘንግ ምን ያህል እንደሚገፋ በማስመሪያ ለኩ። የመኪናው መመሪያ የሚለውን ያህል እየገፋ ማርሹ አሁንም ከጮኸ ጥፋቱ ውስጥ ነው፤ ያኔ ካምቢዮው ይውረድ። ካልገፋ ግን ካምቢዮውን ተዉት፣ ጥፋቱ በዘይቱ መንገድ ላይ ነው። ፔዳሉ ደጋግሞ ሲረገጥ የሚጠነክር ከሆነ አየር አለ፤ ተረግጦ ሲያዝ ቀስ እያለ የሚሰምጥና በውጭ የሚፈስ ነገር ከሌለ የላይኛው ፓምፕ ጎማ በውስጥ እያሳለፈ ነው። የታችኛውን ፓምፕ የአቧራ ሽፋን ገለጥ አድርጋችሁ ውስጡ ርሶ ካገኛችሁት እርሱም አብቅቷል። አሮጌ ተጣጣፊ ቱቦም ሲረገጥ የሚያብጥ ከሆነ ግፊቱን ይበላል።

የዛሬ ወጣቶች ከመመርመር ይልቅ ዕቃ መቀየር ትወዳላችሁ፤ ስልካችሁንም ከእጃችሁ አታወርዱም። ነገር ግን ያ ተማሪ ረዳት ስላልነበረው ስልኩን ከመኪናው ሥር አስቀምጦ የዘንጉን እንቅስቃሴ ቀርጾ አመጣልኝ፤ እኛ ሁለት ሰው ሆነን የምናየውን ብቻውን በግልጽ አይቶታል። ዘንጉ እምብዛም አልተንቀሳቀሰም።

ስትቀይሩ ሁለቱንም ፓምፖች አብራችሁ ቀይሩ፤ አንዱ ሲታደስ አሮጌው ብዙ አይቆይም። ጎማ ብቻ ለመቀየር ካሰባችሁ የሲሊንደሩን ውስጥ በጥፍራችሁ ዳስሱ፤ ዝገት የቦረቦረው ከሆነ አዲሱን ጎማ በጥቂት ጊዜ ይቆርጠዋል። ጎማውን በቤንዚን ወይም በናፍጣ አትጠቡ፣ የሞተር ዘይትም አይንካው፤ ያብጣል። በፔዳሉና በፓምፑ ዘንግ መካከል ጥቂት ልቅነት ይኑር፤ ከሌለ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስበት ቀዳዳ ይዘጋና ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ አዲሱም ሸራ ይቃጠላል። አየር ስታወጡ ፔዳሉ ተረግጦ ሳለ የታችኛውን ፓምፕ ማስተንፈሻ ቡሎን ከፍታችሁ፣ ፔዳሉ ከመለቀቁ በፊት ዝጉት፤ ማጠራቀሚያው በመካከል ባዶ ከሆነ ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል። ስለ ክሪክና ስለ መደገፊያ የምትሰሙት በየቀኑ ስለሆነ አልደግመውም።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል፤ የሲሊንደሩን ውስጥ የሚያዝገውም ይኸው ነው። ደረጃው ዶት 3 የሆነ አዲስ ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። እንደኛ ዝናብና ጉም በማይጠፋበት አገር በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት፣ የምትገዙትም ጠርሙስ ያልተከፈተ ይሁን፤ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመውን ነጋዴው በነፃ ቢሰጣችሁ እንኳ አትቀበሉት።