መልስ፦ ትሮሉ ዜሮ ገብቶ እንዴት ተነሳ?

ሰላም ወንድሜ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን የገጸ ባሕርይ ጨዋታ ስትጫወቱ ትሮሉ፣ ያ ቁስሉ የሚገጥምለት ጭራቅ፣ የሕይወት ነጥቡ ዜሮ ገብቶ ወደቀ፣ ከዚያ ተነስቶ ጠንቋያችሁን ነከሰው። ከሦስት ዙር በፊት በእሳት መትተነው ስለነበር መሞት ነበረበት ብለሃል። እዚህ ላይ ግን ልክ የሆነው የጨዋታ መሪያችሁ ነው።

በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው የጨዋታው ሕግ ትሮል ተራው በደረሰ ቁጥር መጀመሪያ ላይ 10 የሕይወት ነጥብ ይመለስለታል። እሳት ወይም አሲድ ሲነካው ይህ የሚቀርበት ለቀጣዩ ተራው ብቻ ነው። ከዚያ እንደገና ይሠራል። የእናንተ እሳት ጊዜው አልፎበታል ማለት ነው። ትሮል የሚሞተው ተራውን ዜሮ ላይ ሆኖ ሲጀምርና ነጥቡ ሳይመለስለት ሲቀር ነው።

ስለዚህ ልክ እንደወደቀ፣ ተራው ሳይደርስ አንዳችሁ አቃጥሉት። ትልቅ አስማት አያስፈልግም። በሚነድ ችቦ ብትመቱት 1 የእሳት ጉዳት ያደርሳል፣ እሱ ይበቃል! ሁሉም «አለቀለት» ብሎ ወደ ሌላው ጭራቅ ሲዞር ነው ጉድ የሚፈላው።

የሚመለስለት ነጥብ 10 ነው 15 ነው የተባባላችሁበት ደግሞ የመጽሐፍ ልዩነት ነው። 15ቱ በ2025 እ.ኤ.አ. ከወጣው አዲሱ የጭራቆች መጽሐፍ የመጣ ነው። በየትኛው እንደምትሄዱ ሳትጀምሩ ተስማሙ።

ለመሪያችሁም አንድ ነገር ንገርልኝ። ቁስሉ ሲገጥም፣ ሥጋው ሲላወስ ጮክ ብሎ ይግለጽላችሁ። ተጫዋች ፍንጭ ካላየ ችቦውን ማንሳት እንዳለበት በምን ያውቃል?