ጥያቄና መልስ፦ በአተት ወቅት ጠበል፣ ጾምና ሕክምና

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምጽፍልዎ ከአራት ኪሎ ነው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ በአካባቢያችን አተት (ኮሌራ) እንዳለ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ነግረውናል። ቤተሰባችን ፍልሰታን ይጾማል፤ የ8 ዓመት ልጄም ትጾማለች፣ ትቆርባለች። እናቴ ግን «መዝሙር 90ን እየደገምን፣ ጠበላችንን እየጠጣን መቅሠፍት አይነካንም፤ ኦ አር ኤስ፣ ክሎሪን ማለት የእምነት ጉድለት ነው» ትላለች። ጠበሉ በጀሪካን ተቀምጦ ሁላችንም በአንድ ጣሳ ነው የምንጠጣው። ክሎሪን ብጨምርበት ማርከስ ይሆንብኛል? ከታመምንስ ጾሙን መሻር ይገባናል? ደግሞ በዚሁ በሽታ ያረፉ ጎረቤታችንን የጤና ሰዎች ማንም እንዳይገንዛቸው ከልክለው፣ ሰፈሩ ሁሉ «ያለ ወግ ተቀበሩ» ብሎ አዝኗል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከጠየቅሽኝ ሁሉ የሚቀድመው የሰዓት ጉዳይ ነው። አተት ጤነኛ የነበረን ሰው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። በጠናበት ጊዜ አንድ ዐዋቂ ሰው በሰዓት እስከ 1 ሊትር ውኃ ከሰውነቱ ሊወጣ ይችላል፤ ከውኃው ጋር ጨውም ይወጣል፤ ገዳዩ ይህ ነው። ስለዚህ የሩዝ እጥቢ የመሰለ ተቅማጥ ከጀመረ፣ ትውከት ከተከተለው፣ ዓይን ከጎደጎደ፣ ሽንት ከጠፋ፣ እግር ከኮማተረ፣ ቆንጥጠሽ የለቀቅሽው ቆዳ ቶሎ ካልተመለሰ «ቅዳሴው ይውጣ»፣ «ሲነጋ ጠበል እንወስደዋለን» አይባልም። ብዙውን ጊዜ ትኩሳት ስለሌለው ሰው ይዘናጋል። ወዲያው መጠጣት ይጀመራል፤ እየጠጣም ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ መራመድ ካቃተው 907 ወይም 939 ይደወላል። በጊዜ ውኃና ጨው የተተካለት ሕመምተኛ ከ100 አንድ እንኳ አይሞትም። በጠና ታሞ ሳይታከም የቀረ ግን ከሁለት አንዱ ሊሞት ይችላል። መንገድ ላይ ጸልዩ፤ መስቀል ያዙ፤ ጠበል ርጩበት፤ እነዚህ ሰዓት አይወስዱም።

ኦ አር ኤስ፣ ማለትም የወጣውን ውኃና ጨው የሚተካው ብጥብጥ፣ እንዴት እንደሚዘጋጅ በደንብ ልጻፍልሽ፤ ስሕተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነውና። አንዱ ከረጢት በሙሉ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል። ብዙ ቤት ያለው ሃይላንድ ግማሽ ሊትር ስለሆነ ከረጢቱን በሙሉ እሱ ውስጥ ይጨምሩታል፤ ያን ጊዜ ጨው ይበዛል፣ ሕፃንን ይጎዳል። በግማሽ ሊትር መያዣ የምትለኪ ከሆነ ሁለት ጊዜ ሞልተሽ ማሰሮ ውስጥ ገልብጪና እዚያ በጥብጪው። ከረጢት ከሌለ በ1 ሊትር ውኃ ላይ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይደረጋል፤ ማንኪያው ተልጦ እንጂ ተቆልሎ አይለካም። ስኳር ሲበዛ ተቅማጡን ያባብሳል፤ ለስላሳ መጠጥ የማይመከረውም ለዚህ ነው። አረቄና ነጭ ሽንኩርት የወጣውን ውኃ አይተኩም። ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ከሩብ እስከ ግማሽ ብርጭቆ፣ ከ2 እስከ 10 ዓመት ላለ ልጅ ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ፣ ለዐዋቂ የቻለውን ያህል ስጪ። ካስታወከው 10 ደቂቃ አሳርፊና በማንኪያ ቀስ እያልሽ ቀጥዪ። ብዙዎች «አስታወከው» ብለው ያቆማሉ፤ ሕመምተኛው የሚደክመው ያኔ ነው። ጡት የሚጠባ ሕፃን ጡቱ አይቋረጥበትም። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል።

ወደ እናትሽ ጉዳይ ልምጣ። መዝሙር 90ን መድገማቸው መልካም ነው፤ ይድገሙት። ነገር ግን ይህን መዝሙር በወንጌል የጠቀሰው ማን እንደነበረ በትሕትና አስታውሻቸው። ጌታን በመቅደስ ጫፍ አቁሞ «ራስህን ወርውር፤ መላእክቱን ስለ አንተ ያዝዝልሃል» ያለው ፈታኙ ቃሉን የወሰደው ከዚሁ መዝሙር ነበር (ማቴ 4)። የጌታ መልስ «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» የሚል ሆነ። መዝሙሩ እውነት ነው፤ ሐሰቱ መዝሙሩን ይዞ ራስን መወርወር ነው። የተበከለ ውኃ እንደሆነ እየተነገረን «ዳዊት ደግሜያለሁ» ብሎ መጠጣት ከዚያ ጫፍ ከመዝለል በምን ይለያል?

መጽሐፈ ሲራክ ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ ነው። በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል፤ የታመመ ሰው ይጸልይ፣ ንስሐ ይግባ፣ ለባለ መድኃኒቱም ቦታ ይስጠው ይላል። ጸሎቱን ከሐኪሙ አላጣላውም። ንጉሥ ሕዝቅያስ 15 ዓመት ዕድሜ ተጨምሮልሃል የሚለውን ቃል ከነቢይ አፍ ሰምቶ ሳለ፣ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ አስደርጎለታል። በከተማችንም በእንጦጦ ጠበል የነበሩ ብዙ ሕሙማን የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ሲያቋርጡ፣ በወቅቱ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆኑ አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ አስተምረዋል። ለእናትሽ ከእኔ ቃል ይልቅ የፓትርያርኩ ትምህርት ይበልጥባቸው ይሆናልና ይህን ንገሪያቸው።

አሁን ስለ ጀሪካኑ። ክሎሪን ጠበልን አያረክስም። በከተማችን አጥቢያዎች ለክርስትና የሚባረከው ውኃ ብዙ ጊዜ የቧንቧ ውኃ ነው፤ ይህም በለገዳዲ ወይም በገፈርሳ ተጣርቶ ክሎሪን የተጨመረበት ነው። በእርሱ ተጠምቀን ልጅነት አግኝተናል። የሚያረክስስ ቢሆን ኖሮ ያኔ ባረከሰው ነበር። ይሁንና የእናትሽ ልብ እንዳይታወክ ቅደም ተከተሉን መቀየር ይሻላል ብዬ አምናለሁ፦ መጀመሪያ ውኃውን አክሚ፣ ከዚያ ካህን ይባርከው። ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይፍላ፤ አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ ውኃ እዚህ በዝቅተኛ ሙቀት ነው የሚፈላው። ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ይቀዝቅዝ፤ ወደ አጥቢያችሁ ይዘሽ ሂጂ፤ የንስሐ አባትሽ ጸሎት አድርገው ይባርኩልሽ። በክሎሪን ከሆነ እንክብሉ ወይም ፈሳሹ ለስንት ሊትር እንደተሠራ ከማሸጊያው ላይ አንብቢ፤ ለ20 ሊትር የተሠራና ለ5 ሊትር የተሠራ እየተምታታ ብዙ ቤት ያላግባብ ይጨመራል። የደፈረሰ ውኃ ከሆነ መጀመሪያ በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ ይጠለል፤ ጭቃ የክሎሪኑን ኃይል ይበላዋልና። ከጨመርሽ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትጠጡ።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ጣሳው ነው። የታከመም የተባረከም ውኃ ያልታጠበ እጅ የነካው ጣሳ በገባበት ቁጥር እንደገና ይበከላል። ተሕዋሲውን ተሸክመው ሕመም የማይሰማቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እነርሱም ለቀናት ከዓይነ ምድራቸው ጋር ያወጡታል። ስለዚህ ውኃው ከጀሪካኑ ወደ እያንዳንዱ ብርጭቆ ይፍሰስ፤ ምንም ነገር አይነከርበት። ጀሪካኑንም ከመሙላትሽ በፊት በሳሙናና በትንሽ ጠጠር አናውጠሽ እጠቢው። በፈረቃ ጠፍቶ የመጣ የቧንቧ ውኃ ሲሆን የመጀመሪያውን አፍስሺው፤ ግፊቱ ሲወርድ በተሰነጠቀ ቱቦ ቆሻሻ ይገባልና። ከምንጭ ጠበል ለመጠመቅ ለሚሄዱት በዚህ ወቅት የምመክረው ተጠመቁ፣ በአፋችሁ ግን አትቀበሉት ነው፤ ለመጠጥ ያ የፈላውና የተባረከው ይሁን።

ጾምን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው። ፍትሐ ነገሥት ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ያሰናብታል፤ አተት የያዘው ሰው በቅዳሴ ሰዓትም ቢሆን ይጠጣል፤ ይህ ኃጢአት አይደለም፣ ንስሐም አያስፈልገውም። ትውከት ያለበት ሰው ግን ለቅዱስ ቁርባኑ ክብር ሲባል እስኪያገግም አይቆርብም፤ ይህ ለልጅሽም ይሠራል። ልጅሽ ጤነኛ ከሆነች ትጹም፤ ጾም አተት አያመጣም። አደጋው ያለው በሚፈታበት ሰዓት ነው። ልጆች ተጠምተው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ያገኙትን ውኃ ይጠጣሉ፤ ማዕዱም ጥሬ ሰላጣ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ይሆናል። በከተማችን ወንዞች ዳር የሚለማው አትክልት የሚጠጣው የወንዙን ቆሻሻ ነው። በፍልሰታ ሰላጣውን ተዉትና ጎመኑን ቀቅሉ፣ ሽሮውን በትኩሱ ብሉ፤ በሶውም በፈላ ውኃ ይበጥበጥ። ለልጅሽ የፈላ ውኃ በቦርሳዋ ያዢላት። ተቅማጥ ከጀመራት ግን ከሰባት ዓመት ጀምሮ ይጾማል የሚለውን ደንብ አትቁጠሪ፤ የዚያን ቀን ጾሟ ተፈቷል።

በ2012 በኮሮና ጊዜ የለመድነውን ሁሉ እዚህ ላይ መድገም አያስፈልግም። አተት በትንፋሽ አይተላለፍም፤ ጭንብል አይከለክለውም፤ መስቀል መሳለምን መተውም ዋናው ነገር አይደለም። መንገዱ ከዓይነ ምድር ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ነው። እንዲሁም ኅዳር 12 ቀን ከተማዋን የምናጥንበት ልማድ በ1911 የኅዳር በሽታ ያረፉትን ስለሚያስታውሰን አከብረዋለሁ፤ ጭሱ ግን አተትን አያባርርም። ከመጸዳጃ ሲወጡ፣ ሕፃን ካጸዱ በኋላ፣ ምግብ ከመንካት በፊት በሳሙና መታጠብ ያባርረዋል። ኦሪት ዘዳግም 23 እስራኤል ከሰፈር ወጥተው፣ ቆፍረው፣ ዓይነ ምድራቸውን እንዲቀብሩ ያዘዘው፣ እግዚአብሔር በሰፈራቸው መካከል ስለሚመላለስ ነው ይላል። መጸዳጃ ቤት በንጽሕና መያዝ ሃይማኖታዊ ሥራ መሆኑን ከዚህ በላይ ምን ሊነግረን ይችላል? በቤት ውስጥ የታመመ ካለ፣ ጥንካሬው 5 በመቶ ከሆነ በረኪና አንድ እጅ ለዘጠኝ እጅ ውኃ ተቀላቅሎ ትውከቱና ወለሉ ላይ ይፈሳል፤ ቢያንስ 10 ደቂቃ ቆይቶ ይጠረጋል። በረኪናን ከሎሚም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅዪ፤ መርዛም ጋዝ ያወጣል። የታመመው ሰው ልብስ ቀበና ወንዝ አይታጠብም፤ ቤት ይቀቀላል።

ስለ ጎረቤታችሁ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። «ያለ ወግ ተቀበሩ» የሚለው ልብ ይሰብራል፤ ነገር ግን ያለ ጸሎት አልተቀበሩም። በአተት ያረፈ ሰው አስከሬን ፈሳሹ በሽታውን ያስተላልፋል፤ የሚያጥብና የሚገንዝ ሰው እጁ ወደ ድንኳኑ ወጥ ይሄዳል። ስለዚህ የሚያጥቡት የሠለጠኑ የጤና ባለሙያዎች በክሎሪን ይሁኑ፤ ቤተሰቡ ከፈለገ መግነዣውን ገዝቶ ይስጣቸው። ጸሎተ ፍትሐት ሬሳውን መንካት አይጠይቅም፤ ካህናቱ ራቅ ብለው ሙሉውን ያደርሳሉ፤ ወዳጅም ቆሞ ያለቅሳል። በሽታው እንዳለባቸው ሰውረው በሌሊት የሚያስገንዙ ቤተሰቦች አሉ፤ ሐፍረቱ ነው የሚያደርጋቸው፤ አተት የኃጢአተኛ ምልክት እንዳልሆነ ለሰፈሩ ደጋግማችሁ ንገሩ። ለእድሩም ይህን አድርሺልኝ፦ በለቅሶ ቤት የሚቀርበው ንፍሮ ትኩስ ይሁን፤ እንግዳ ሁሉ ሲገባ የሚታጠብበት ሳሙናና የሚፈስ ውኃ ከድንኳኑ ደጅ ይቀመጥ፤ አስከሬኑን የነካ ሰው ምግብ አያቅርብ። ጠላ ግን በጥሬ ውኃ ስለሚጠመቅና አልኮሉ ተሕዋሲውን ለመግደል ስለማይበቃ፣ ወረርሽኙ እስኪወጣ ከለቅሶውም፣ ከዝክሩም፣ ከ40ውም ይቅር፤ ለተዝካሩ ድፎ ዳቦ ተጋግሮ ለነዳያን ይሰጥ።