ባለ ሦስት ፊደሉ የጦር ሜዳ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

መስቀለኛ ቃላት ስሞላ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከሁሉም የምወደው የጦር ሜዳ ፍንጭ ነው። አልሞላ ያላችሁን ላኩልኝ ብዬ ነበር፣ ይኸው ልመልስ።

ጥያቄ፦ «ጣልያን ድል የሆነበት፣ 3 ፊደል» ይላል። አድዋ ብዬ ሞላሁ፣ ወደ ታች የሚወርደው ቃል ግን እምቢ አለኝ።

መልስ፦ ሁላችንም መጀመሪያ የምንጽፈው አድዋን ነው። ግን ዶጋሊም 3 ነው፣ መቀሌም 3 ነው። ስለዚህ አትቸኩል፣ መጀመሪያ የመሃሉን ፊደል በሚያቋርጠው ቃል አውጣው። ራስ አሉላ ከተጠሩ ዶጋሊ ነው፣ ጥር 1879። እቴጌ ጣይቱ ወይም የውሃ ምንጭ ከተነሳ መቀሌ፤ ምሽጉ ውስጥ የነበረው ጦር ምንጩ ተይዞበት፣ ጥሙ ሲጠናበት ነው ለቆ የወጣው። ያልገጠመው የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ከሆነ ደግሞ መልስህ ልክ ነው። አንዳንዱ አዘጋጅ በአልፋው አ ይጽፈዋል፣ አንዳንዱ ዓድዋ ብሎ በዐይኑ። በእርሳስ ሙላ የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ «በ1868 የተካሄደ ጦርነት፣ 4 ፊደል»። እኔ መቅደላ አልኩ፣ እህቴ ጉንደት አለች። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ይሄ እስከ ዛሬ ካጋጠመኝ ሁሉ ከባዱ ወጥመድ ነው! መቅደላ በፈረንጆቹ 1868 ነው፣ በእኛ 1860። ጉንደት ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ ግብፆችን ያሸነፉበት ነው፣ በእኛ ኅዳር 1868። ሁለቱም ባለ 4 ፊደል! እ.ኤ.አ. ከተጻፈ የአንቺ ነው፣ ዓ.ም. ካለ የእህትሽ። ምንም ካልተጻፈ ጥፋቱ የአዘጋጁ ነው፣ እናንተ አትጣሉ። ሳጥኑ 3 ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉራዕን አስቡ፤ እሱም በዚያው በ1868 ዓ.ም. ከግብፅ ጋር የተደረገ ነው።

ጥያቄ፦ «የዐፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ የሜዳ ውጊያ፣ 3 ፊደል»። መቅደላ እንዴት በ3 ይገባል?

መልስ፦ አይገባም። አሮጌ ነው። የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየርና የቴዎድሮስ ጦር ፊት ለፊት የተጋጠመው አምባው ላይ አይደለም፣ ከአምባው በታች አሮጌ በሚባለው ሜዳ ነው፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860፣ የስቅለት ዕለት። መቅደላ የተያዘው ከሦስት ቀን በኋላ፣ በትንሣኤ ማግስት ነው፤ ንጉሡም ራሳቸውን ያጠፉት ያን ቀን ነው። እንዲህ ያለ ፍንጭ የሚያወጣ አዘጋጅ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ያ ሁሉ ሰው ያለቀበት ሜዳ በመቅደላ ስም ተሸፍኖ ቀርቷል።

ጥያቄ፦ አምባላጌ ስንት ፊደል ነው?

መልስ፦ አንድ ላይ ሲጻፍ 5፣ «አምባ አላጌ» ሲባል 6፣ አላጌ ብቻ ከሆነ 3። ሳጥኑን ቆጥረህ ምረጥ። ደግሞ ሁለት ታሪክ አለው፣ ያንን ልብ በል። ኅዳር 1888 የጣልያኑ ሻለቃ ቶዜሊ የወደቀበት ነው፤ በ1933 ደግሞ የጣልያኑ የአኦስታ መስፍን ለእንግሊዞች እጅ የሰጠበት።

ጥያቄ፦ «ናፖሊዮን የተሸነፈበት»?

መልስ፦ ዋተርሉ። ካልገጠመ ዋተርሎ።

ጥያቄ፦ አይሻልና ደረስጌ ሁሌ ይምታቱብኛል። ሁለቱም 4፣ ሁለቱም የደጃች ካሣ ድል።

መልስ፦ የተሸናፊውን ስም ያዢ። ራስ አሊ ካለ አይሻል፣ 1845። ደጃች ውቤ ካለ ደረስጌ፣ 1847። «ዘውድ የጫኑበት» ካለም ደረስጌ ነው፤ ካሣ ውቤን አሸንፈው እዚያው ደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

ጥያቄ፦ «ንጉሥ የተማረከበት» ይላል፣ ሌላ ምንም የለም።

መልስ፦ ሳጥኑ 3 ከሆነ ሰገሌ፣ ንጉሥ ሚካኤል፣ ጥቅምት 1909። 4 ከሆነ እምባቦ፣ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ 1874። መተማ ብለሽ እንዳትሞይ፤ 3 ፊደል ስለሆነ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይሳሳታል። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ቆስለው ሞቱ እንጂ አልተማረኩም።