ከኮርሱ በኋላ ያለው ሰኞ

ይህን የምጽፈው በአጥንት ወይም በነርቭ ቀዶ ሕክምና ሬዚደንትነት ላይ ሆናችሁ ልባችሁ ወደ አከርካሪ ላዘነበለ ወጣት ሐኪሞች ነው። በእኛ ጊዜ ጭንቁ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና አጭር ኮርስ ማግኘት ነበር፤ የእናንተ ጭንቅ መምረጥ ሆኗል።

ከራሴ ስሕተት ልጀምር። ገና በመጀመሪያው ዓመት በፔዲክል (የአከርካሪ አንጓን የፊትና የኋላ ክፍል በሚያገናኘው አጭር የአጥንት ድልድይ) በኩል ብሎን መትከል የሚያስተምር ኮርስ ገባሁ። ሁለት ቀን ሙሉ በፕላስቲክ አከርካሪ ላይ ስሰረስር ዋልሁ፤ ሰርተፊኬቱን ግድግዳ ላይ ሰቀልሁት። ከዚያ በኋላ ግን ከአንድ ዓመት በላይ የእኔ ድርሻ ቁስል መስፋት ብቻ ነበር። ተራዬ ሲደርስ እጄ የተማረውን ሁሉ ረስቶታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይኸው ነው። እናንተ ከመመዝገባችሁ በፊት፣ ስትመለሱ በሰኞው ቀዶ ሕክምና ያንን ሥራ በአስተማሪ ፊት የመሥራት ዕድል እንዳላችሁ ጠይቁ። ከሌላችሁ ይቆይ።

ለጀማሪ የሚጠቅመው ብዙ ጊዜ ደብዛዛ የሚመስለው ኮርስ ነው፦ የነርቭ ምርመራ፣ ኤምአርአይ ማንበብ፣ አንጓ መቁጠር። አንገት 7፣ ደረት 12፣ ወገብ 5 ብሎ መቁጠር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የወገብ አንጓቸው 4 ወይም 6 የሚመስል ሰዎች አሉ፤ በተሳሳተ አንጓ ላይ ቢላዋ የሚያርፈውም እንዲህ ባለው አጋጣሚ ነው።

በአስከሬን ላይ የሚሰጥ ልምምድን አብዝቼ እወዳለሁ፤ ግን ጠይቃችሁ ግቡ። በፎርማሊን የቆየ አስከሬን ሥጋው ይደርቃል፣ በቅዝቃዜ የተጠበቀው ለሕያው አካል ይቀርባል። ሁለቱም አይደሙም፤ ሕያው ሰው ላይ ግን ከደም ሥር የሚፈሰው ደም ዕይታችሁን ይጋርዳል። በአንድ ጠረጴዛ ስንት ሰልጣኝ እንደሚቆምም ጠይቁ። ስድስት ከሆናችሁ አራታችሁ ተመልካች ናችሁ። በተለይ የደረት መካከለኛ ፔዲክሎች ጠባብ ናቸው፤ በውስጥ በኩል ያለው ግድግዳ ከተበሳ ቀጥሎ ያለው ህብለ ሰረሰር ነው። ይህ በእጅ ካልተዳሰሰ በስላይድ አይገባም። ኤኦ የተባለው በስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1958 የተመሠረተ የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች ቡድን በ1960 በዚያው አገር በዳቮስ ከተማ ሐኪሞችን መሣሪያ እያስያዘ ማስተማር የጀመረው በከንቱ አይደለም።

ወጪውን የሚሸፍነው መሣሪያ ሻጭ ድርጅት ከሆነ አትሽሹ፤ ያለ እነርሱ ብዙ ላቦራቶሪ አይከፈትም። ሆኖም ሁለቱ ቀን በአንድ ድርጅት ብሎን ብቻ ካለቀ የተማራችሁት አከርካሪን ሳይሆን ዕቃውን ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የለወጠኝ ኮርስ አንድም መሣሪያ አልነበረውም። አስተማሪዎቹ የበሽተኛ ታሪክና ፎቶ ያሳዩና እርስ በርሳቸው ይከራከሩ ነበር። በዲስክ (በአንጓዎች መካከል ያለው ትራስ) መንሸራተት ምክንያት እግሩን የሚያመው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና እንደሚሻለው፣ ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተውና መቀመጫው የደነዘዘ ግን ቀዶ ሕክምና ሳይደረግለት ሌሊቱን ማደር እንደሌለበት እዚያ ገባኝ። አንጋፋ ሐኪም በአደባባይ «እኔ ይህን ሰው ባልከፍተው ይሻል ነበር» ሲል የሰማሁትም እዚያ ነው። እንዲህ የሚል አስተማሪ ካለበት ብድር ገብታችሁም ቢሆን ሂዱ።

ያንን ሰርተፊኬት ካወረድሁት ቆይቷል። የፕላስቲኩ አከርካሪ ግን ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ ብሎኖቹ ሦስቱ ጠምመው እንደገቡ ናቸው። አዲስ ሬዚደንት ሲመጣ እሰጠውና የጠመሙትን እንዲያገኝልኝ እጠይቀዋለሁ።